ፎቶዋ ማታ ማታ

ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ጋላፊ፣ በጉምሩክ ጣቢያ የስድስት ወር የኮንትራት ሥራ ሳገኝ የሦስት ዓመት ልጄን በቾ ቦሬ እናቴ ዘንድ ትቼ ሄድኩ። የኮንቴይነር ማሸጊያ ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ ጋር አመሳክራለሁ፤ የመኪና ሰሌዳ እመዘግባለሁ። ቡና የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ጅማ ትዝ ይለኛል። ደመወዙ የቤት ኪራያችንን ይሸፍን ነበር።

በአራተኛው ወር ስደውል ልጄ እናቴን «እማዬ» ስትላት ሰማሁ። በደህና መያዟ ቢያስደስተኝም አንጀቴ ተላወሰ። እናቴ ከዚያ ዕለት ወዲህ ማታ ማታ ፎቶዬን እያሳየች «እናትሽ ሥራ ሄዳ ነው፤ ትመጣለች» ትላት ነበር።

ኮንትራቱ ይራዘም ሲባል አልፈረምኩም። ስመለስ ልጄ ከአያቷ ጀርባ ተደብቃ ቆየች፤ ኋላ ፎቶዬን ይዛ መጣች። አያቶች፣ የራቀውን ወላጅ ስም ማታ ማታ አንሡላቸው።