«እኛ» የምንለው ማንን ነው?

የሰውን አገር ቋንቋ መማር የሚጀመረው በመጽሐፍ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በሰው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ነገር ያወቅነው በትምህርት ቤት ወይም በጉባኤ ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ ከተማ ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ፣ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ያወቅነውም በመልካም ሥራችን ሳይሆን በጥፋታችን ስለ ሆነ፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች፣ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ሰው ለሚያስተናግዱ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እንጽፈዋለን።

ድልድዩ የሚጠራበት ስም ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጨቦ ምድር ተወልደው፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገቡ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ በምክራቸውና በፍርድ ዐዋቂነታቸው «አባ መላ» እየተባሉ ኖሩ። እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ የቤቱን ቋንቋ ከቤቱ ልጆች ይልቅ ሊያሳምረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የአራዳ ሰፈርም ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ ሰፈር ነው። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና ጣሊያኑ እዚህ ነግደዋል፤ ወልደዋል፤ ተቀብረዋል። «ፒያሳ» አደባባይ፣ «መርካቶ» ደግሞ ገበያ ማለት መሆኑን፣ ሁለቱም ቃላት የጣሊያን መሆናቸውን የሚያስብ መንገደኛ ግን ዛሬ ጥቂት ነው። ቃል ከሰው ይልቅ ቶሎ ዜግነት ያገኛል።

በ2004 ዓ.ም. አንድ የሒሳብ መምህር ከፊሊፒንስ መጥቶ በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራየ። አገሩ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሉት፣ ከ170 የሚበልጡ ቋንቋዎች የሚነገሩበት ነው። የጋራ ቋንቋቸው ፊሊፒኖ ሲባል፣ መሠረቱ በማኒላ ዙሪያ የሚነገረው ታጋሎግ ነው፤ ይህም የተወሰነው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ስፔን ከ300 ዓመት በላይ ስለ ገዛቻቸው ሰላምታቸው እንኳ «ኩሙስታ» የሚል የስፔን ቃል ነው። የቤቱ ባለቤት ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። ወንድማቸው ጋሼ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ሰው ስለ ነበሩ፣ የእንግዳውን አገር ስም በሰሙ ጊዜ «እነዚህንማ ኮሪያ አውቃቸዋለሁ! አብረውን ተዋግተዋል» ብለው ተነሥተው ጨበጡት። የሁለቱም አገሮች ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር በኮሪያ መዋጋታቸው እውነት ነው።

ወዳጃችን አማርኛን የጀመረው በመጽሐፍ ነበርና የመጀመሪያው ዓመት በሣቅ አለፈ። መጽሐፉ አክብሮትን አስተምሮት ስለ ነበር በድልድዩ ራስ ላይ የተቀመጠውን ትንሽ ሊስትሮ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ እርስዎ ጫማዬን ሊጠርጉልኝ ይችላሉን?» ሲለው፣ ልጁ ከኋላው ማን እንደ ቆመ ለማየት ዞረ። «ጠ» እና «ተ»ን ለመለየት ምላሱ እንቢ ስላለው፣ «እማማ ከገበያ መጡ» ለማለት «እማማ ከገበያ መቱ» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ «ማንን መቱ?» ያሰኝ ነበር። በሰባት ሰዓት ለምሳ ብንጠራው በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ሳሕኑ ሁሉ ከታጠበ በኋላ ማታ ደረሰ። በታክሲም ተሳፍሮ፣ «እባክዎን፣ እዚህ ላይ ለመውረድ እፈልጋለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ሰካክቶ እስኪጨርስ ድረስ ድልድዩ ታልፎ ጎጃም በረንዳ ይደርስ ነበር። «ወራጅ አለ!» የምትለዋን አጭር ቃል ከእኛ በተማረ ቀን እጅግ ደስ አለው፤ በአገሩም ሰዎች በታክሲያቸው ውስጥ «ፓራ ፖ!» ብለው እንደሚያስቆሙ ነገረን።

በዚህ ጊዜ መምህርና ተማሪ ተለዋወጥን። «ፓራ» ማለት አቁም ማለት ሲሆን፣ «ፖ» ደግሞ ለአክብሮት የሚጨመር ነው። እኛ ግሱን በሙሉ ለውጠን «ይምጡ፣ ይቀመጡ» የምንለውን እነርሱ በዚህች ቃል ይፈጽሙታል። ታላቅ ወንድምን «ኩያ»፣ ታላቅ እኅትን «አቴ» ይላሉ፤ ባይዛመዱም ለማያውቁት ሰው ጭምር ይሉታል። እኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ሽማግሌ ሲያገኙ እጁን ይዘው ወደ ግንባራቸው ያስጠጋሉ፤ እኛ ጉልበት ለመሳም ዝቅ እንደምንለው። በመካከላችን ያለው ውቅያኖስ ሰፊ ነው፤ ለታላቅ የሚደረገው አክብሮት ግን ባሕሩን የተሻገረ ይመስላል።

ትምህርቱ የጠለቀው ግን በእማማ ገበታ ላይ ነው። እማማ ሲበሉ በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ» ሳይሉ አያሳልፉም ነበር። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ በአገሩም እንዲሁ «ካይን ታዮ» ይባላልና። ነገር ግን ጠግቤአለሁ ባለ ጊዜ እማማ ጉርሻውን ጠቅልለው «በሞቴ!» አሉት። እርሱም ወደ ክፍሉ ሄዶ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ሞት» የሚለውን ካየ በኋላ ደንግጦ መጣና፣ «እማማ ታመዋልን?» ብሎ ጠየቀን። አንድ ሰው ስለ አንድ ጉርሻ በሞቱ የሚምልበት አገር እንዳለ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ «በሞቴ» በተባለ ጊዜ ሁሉ አፉን ይከፍት ጀመር። ከቡናው ሦስተኛ የምትቀዳው በረካ መሆንዋን ሲሰማም ሣቀ፤ በአገሩ ባታንጋስ በሚባል ስፍራ የሚበቅለው ብርቱ ቡና «ባራኮ» ይባላልና። «የእኛ ባራኮ ኃይለኛ ነው፤ የእናንተ በረካ ቀጭን ነው» ቢላቸው፣ እማማ «በረካ ለበረከት እንጂ ለጉልበት አይጠጣም» ብለው መለሱለት።

አንድ እሑድ በቡናው መካከል «ካይን ታዮ» የሚለውን ቃል በቃል እንዲተረጉምልን ጠየቅነው። «ካይን» መብላት ነው። «ታዮ» ደግሞ «እኛ» ነው፤ ነገር ግን «እኛ» የሚባል ቃል በቋንቋቸው ሁለት ነው። የሚሰማው ሰው በውስጡ ሲገባ «ታዮ» ይባላል፤ የሚሰማው ሰው በውጭ ሲቀር «ካሚ» ይባላል። ስለዚህ እንግዳን ለምግብ የሚጠራ ሰው «ታዮ» ይላል፤ «እኛ በላን፣ አንተ ግን አልነበርህም» የሚል ሰው «ካሚ» ይላል። ከዚህ በኋላ ወዳጃችን «በአማርኛ ‹እኛ› ስትሉ የትኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «ለእኛ አንዱ ይበቃል፤ ሁሉንም ይይዛል» ብለን በኩራት መለስንለት።

ኩራታችን በዚህ አላበቃም። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ1649 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎታ ድረስ ሄደው የአገራችንን ነገር እንዳስተማሩት እናውቅ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሊያሳትም የቻለው በዚያ ወዳጅነት መነሻ ነው። እኛም በልባችን ራሳችንን እንደ አባ ጎርጎርዮስ ቆጠርን። ቋንቋ ማስተማርና ሰውን ወዳጅ ማድረግ አንድ መስሎን ነበርና።

ወዳጃችን በ2006 ዓ.ም. ለመምህራን ወደ ተሰጠ ቤት ወደ ከተማው ሌላ ዳርቻ ተዛወረ። እሑድ እሑድ ግን ቡናና ስኳር ይዞ ወደ እማማ መምጣቱን አልተወም። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በአንድ ሐሙስ ሌሊት እማማ በድንገት ዐረፉ። ጎሕ ሲቀድ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ለዘመድ ሁሉ ተደወለ። የወዳጃችን ስም በተነሣ ጊዜ ግን፣ «እርሱ የሰው አገር ሰው ነው፤ የልቅሶውን ሥርዓት አያውቀውም፤ ሥራውንም አናስፈታው፤ በኋላ እንነግረዋለን» ተባባልን። ይህን ያለው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁላችንም ነን። አርብ ቀን ቀበርናቸው።

እሑድ የሠልስቱ ዕለት ነበር። ወዳጃችን እንደ ልማዱ ቡናና ስኳሩን ይዞ ከበሩ ሲገባ ድንኳኑን፣ ጥቁር ልብሱን፣ በየሳሕኑ የቀረበውን ንፍሮ አየ። የእማማ ወንበር ባዶ መሆኑንም አየ። የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም። በቀጥታ ወደ ጋሼ ሄደና ዝቅ ብሎ እጃቸውን ይዞ ወደ ግንባሩ አስጠጋ። ጋሼ የዚያን ሥርዓት ትርጉም ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን እጃቸውን ሳይነጥቁ አለቀሱ። እርሱም «እግዜር ያጥናዎት» ካለ በኋላ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ እስከ ምሽት ቆየ። አላወቀውም ያልነው ሥርዓት አንድም አልጎደለበትም።

ሰው ሲቀንስ ወደ እኛ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «እማማ ‹በሞቴ› ሲሉኝ በላሁ። በሞታቸው ግን አልጠራችሁኝም» አለን። ጥቂት ቆይቶም፣ «ያን ጊዜ የትኛው ‹እኛ› እንደ ሆነ ጠየቅኋችሁ፤ አሁን ዐወቅሁት። ‹ካሚ› ነው» አለ። አማርኛው ምንም ስሕተት አልነበረበትም። ያስተማርነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ፊታችን ላይ ቆመ። የምንመልሰው ስላልነበረን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም «በውጭ አገር ሰው ላይ ሁሉ የሚደርስ ነው» ብሎ ተሰናበተን። ይህ መልስ ከወቀሳው ይልቅ ከበደን።

ከእማማ አርባ በኋላ ጋሼ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ገብተው ስሙ በመዝገብ እንዲጻፍ ጠየቁ። ሰውየው ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ጋሼ ግን «ሁላችንም እንሄዳለን፤ ዕድሩ የተሠራውም ለሚሄድ ሰው ነው» ባሉ ጊዜ ክርክሩ አበቃ። ወዳጃችንም እንደ ማናችንም ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍል ጀመር፤ በሌላው ልቅሶም ወንበር ይሸከም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት እናቱ በአገሩ መሞትዋን በስልክ ሰማ። ወደ ቀብሩ ሊደርስ አልቻለም። በዚያው ቀን በግቢያችን ድንኳን ተተከለ፤ ፊትዋን አይተን ለማናውቃት ሴት ሦስት ቀን ተቀመጥን። እርሱም ለሚመጣው ሰው ሁሉ «እናታችን ሞተች» ይል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ።

አማርኛችን ታላቅ ቋንቋ ነው፤ «እኛ» የሚለው ቃሉ ግን የቆመውን ሰው ከውስጥ ይሁን ከውጭ አይናገርም። ቋንቋው ያልለየውን እንግዲህ በሥራ መለየት የተናጋሪው ዕዳ ነው። መምህር የውጭ አገር ተማሪውን ሰዋስው ሲያስተምር ወደ ቤቱም ይጥራው። የመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳውን በሰላምታው ሲያመሰግነው በኀዘንና በደስታውም ያስበው። ተማሪም ወደ ሌላ አገር ለትምህርት በሚሄድበት ጊዜ የሰውን ቃል ብቻ ሳይሆን የሰውን ልቅሶ ይማር። እንግዳን በደስታ ቀን ብቻ መጥራት ግማሽ መጥራት ነውና፣ እኛ ይህን ከእማማ ድንኳን ሥር በእፍረት ተምረነዋል።