ከመዝገቡ በፊት ቁስለኛው

የፖሊስ ሥራ ሌባ መያዝና ወንጀል መመርመር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁና፥ አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ለአንባቢዎች ላጫውት እወዳለሁ።

አንድ ቀን ማታ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ስሄድ፥ አንድ ወጣት በአውቶሞቢል ተገጭቶ በመንገዱ ዳር ወድቆ አየሁ። ከጭኑ ደም ይፈስስ ነበር። ሰው ከቦታል፤ ዳሩ ግን የሚነካው አልተገኘም። በስፍራው የደረሰው ወጣት ፖሊስም ደብተሩን አውጥቶ የነጂውን ስምና የአውቶሞቢሉን ቍጥር ይጽፍ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፥ ኧረ ይህ ልጅ ሊሞት ነው» ቢሉት፥ «እናቴ፥ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በእጄ ላይ ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብሎ መለሰላቸው።

ጥቂት ቆይቶ በዕድሜ የገፉ አንድ የፖሊስ መኰንን መጡ። አንድም የቍጣ ቃል ሳይናገሩ ተንበረከኩ፤ የእኚያን እናት ነጠላ ተቀብለው አጥፈው፥ በቁስሉ ላይ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ተጫኑት። ውኃ ሊያጠጣው የቀረበውን ሰው ከለከሉ፤ አንገቱንና ጀርባውን ማንም እንዳያንቀሳቅስ አዘዙ፤ ወጣቱንም ፖሊስ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንዲደውል አደረጉ። ቁስለኛው በሕይወቱ ሳለ ወደ ሐኪም ቤት ከተወሰደ በኋላ፥ «ልጄ፥ ጽሕፈቱ ይቆይሃል፤ ደም ግን አይቆይም» አሉት።

ይህም የርኅራኄ ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግ ትእዛዝ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፥ በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ የቀረበበትን ሰው፥ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው እየቻለ አስቦ የተወውን ይቀጣል፤ የመርዳት የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። እንግዲህ ያ ወጣት ፖሊስ ቢነካው መጠየቁን ፈራ፤ ሕጉ ግን የሚጠይቀው ስለ መተው ነው። በዓለምም ቢሆን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ደንብ፥ ሕግ አስከባሪዎች በጥበቃቸው ሥር ያለ ሰው ሕክምና ሲያስፈልገው ወዲያው እንዲያገኝ ማድረግ አለባቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣውም መመሪያ፥ ፖሊሱ በራሱ መሣሪያ ያቈሰለው ሰው እንኳ በተቻለ ፍጥነት እንዲረዳ ያዛል።

ቤቴ ገብቼ ይህን ሁሉ ለቤተ ሰቤ ሳወራ፥ የ10 ዓመት ልጄ «አባባ፥ እርስዎስ ምን አደረጉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ምስክር ተብዬ እንዳልጉላላ፥ ልብሴም በደም እንዳይበላሽ ብዬ ቆሜ ስመለከት ነበርና። ሕጉ ግን ግዴታውን በሰው ሁሉ ላይ ጣለው እንጂ ለፖሊስ ብቻ አልተወውም።

በማግሥቱ ከልጄ ጋር ተቀምጠን፥ የታጠፈ ጨርቅ በቁስል ላይ እንዴት አጥብቆ እንደሚያዝ ተለማመድን። ሌሎች አባቶችና እናቶችም በየቤታቸው ይህንኑ ቢያደርጉ፥ በመንገድ ዳር የሚወድቅ የሰው ልጅ የሚነካው አያጣም።