ከፍራሽ ሥር የተገኘ ዳቦ

በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ ራሴ ጥፋት ልጽፍ ተነሥቻለሁና አንባቢዎቼ ሆይ፣ በትዕግሥት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየቅዳሜው ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ እየሄድኩ ንባብ ማስተማር ጀመርኩ። ከተማሪዎቼ አንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ሞተውበት በመጀመሪያ አክስቱ ዘንድ፣ ቀጥሎ በሌላ ማሳደጊያ ቆይቶ በመጨረሻ እዚህ የመጣ ነው። ፊደል ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጥና ያን ቀን ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔን «ጋሼ» ይለኝ ነበር። በቤታችን የሁሉ ታናሽ ስለ ሆንኩ ይህ አጠራር እጅግ ደስ ያሰኘኝ እንደ ነበር አልደብቅም።

አንድ ቅዳሜ የጠፋ መጽሐፍ ስፈልግ የልጁን ፍራሽ ባነሣ የደረቀ ዳቦ አገኘሁ፤ ብቈጥረው ስድስት ቍራሽ ሆነ። ሌብነት ነው ብዬ ወዲያው ለሞግዚቲቱ ነገርኳት። እርስዋም ሃያ ልጆች ብቻዋን የምታጥብና የምታበላ፣ የደከማት ሴት ነበረችና በልጆቹ ሁሉ ፊት ገሥጻው ዳቦውን ጣለችው። ልጁ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለው ነበር ይመስለኛል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አልጋው ላይ ይሸና ጀመር፤ እኔንም ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በወር አንድ ቀን ትመጣ የነበረች የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነገሩን ሰማች። ስለ ሌብነት አንዳች ሳትናገር «መደበቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እርስዋ እንደ ነገረችን፣ የተራበና ከቤት ወደ ቤት የተዛወረ ልጅ ነገም ምግብ እንደሚኖር በቃል ብቻ ቢነግሩት አያምንም፤ ሆዱ ቢጠግብም ፍርሃቱ አይለቀውም፤ ዳቦውን ሲቀሙት ደግሞ የፈራው ሁሉ እውነት ይሆንበታል። ስለዚህ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ተሰጠው፤ ማታ ማታ ያችው ሞግዚት አንድ ዳቦ በእጅዋ ታኖርለት፣ የምታስተኛውም ሌላ ሰው ሳይሆን እርስዋ እንድትሆን ተደረገ። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ዳቦው ሳይነካ ያድር ጀመር። አልጋ ማርጠቡም ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልተወውም።

ነርሲቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ በምትክዋም እስከ ዛሬ የመጣ የለም።

ይህ አሳስቦኝ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በ1941 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ፣ በሃምፕስቴድ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከወላጆቻቸው ለተለዩ ሕፃናት ቤት እንደ ከፈቱ አነበብኩ። ልጆቹ በመጀመሪያ በጅምላ ይጠበቁ ነበር፤ በኋላ ግን አራት አምስት እየሆኑ እንደ ቤተ ሰብ ተከፋፍለው ለያንዳንዱ ወገን አንዲት አሳዳጊ ተመደበችለት። አሳዳጊዬን ወሰድህብኝ እየተባባሉ ለጊዜው ተጣሉ፤ እየቆዩ ግን ጸጥ አሉ፣ አፋቸውንም ቶሎ ፈቱ። ሠራተኞቹም ያዩትን በየካርዱ ይጽፉ ነበር። እንግዲህ እርዳታው ይሰጥ የነበረው በሚታጠቡበት፣ በሚበሉበትና በሚተኙበት ቦታ ነው፤ ሐኪም በወር አንድ ጊዜ እስኪመጣ የሚጠበቅ አልነበረም።

የተባበሩት መንግሥታት በ1989 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ አገራችንም በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት፣ በ39ኛው አንቀጽ ጥቃት የደረሰበትና ችላ የተባለ ልጅ በአካልም በመንፈስም እንዲያገግም መንግሥታት እንዲረዱት ያዛል። ይህን በየቀኑ ልትፈጽም የምትችለው ሞግዚቲቱ ናት። እርስዋን ግን ማን አሠለጠናት? ሃያ ልጅ ተሸክማስ እንዴት ትችላለች?

እኔ ማሠልጠን ስለማልችል አንድ ደብተር ገዛሁ። ማን እንዳልበላ፣ ማን በሌሊት እንደ ጮኸ ሞግዚቲቱ ትነግረኛለች፤ እኔም ወደፊት ለሚመጣው ነርስ እጽፋለሁ። ደብተሩ ከማሳደጊያው ቁም ሣጥን አይወጣም። ልጁም እንደገና ከእኔ ጋር ማንበብ ጀምሯል፤ «ጋሼ» ግን እስካሁን አላለኝም።

ሰኔ ላይ ፈተናዬን ጨርሼ ከዚህ ትምህርት ቤት እሰናበታለሁ። ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ቅዳሜ የማይቀሩ ሁለት ተማሪዎች እፈልጋለሁ፤ በምሳ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አልጠፋም።