በደድሊ ሰማይ የሚገለባበጡት እርግቦች

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ልጄ ሁለተኛ ልጇን ስትገላገል ላርሳት ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ነበር። የአጃ ዱቄት፣ በሶ፣ አብሽና በርበሬ በሻንጣ ሞልቼ ነው የሄድኩት። ቅቤ አያስገቡም ስለተባልኩ እዚያው ከሱቅ የተገዛውን አነጠርኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሸተው ድረስ። ሁለት ወር ቆይቼ ልመለስ አስቤ እስከ መስከረም ተቀመጥኩ። ምክንያቱ አራሷ ብቻ አልነበረችም።

ልጄ የምትኖረው ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ ባለችው ደድሊ በምትባል ከተማ ነው። አካባቢው እስከ ዛሬ «ጥቁር አገር» ይባላል፤ በከሰሉና በብረት ማቅለጫው ጢስ የተነሳ። ዛሬ ጢሱ የለም፤ ቀይ ጡብ ቤቶች፣ ጠባብ ጓሮዎችና ዳክዬ የሚዋኝባቸው የቦይ ውሃዎች ናቸው የቀሩት። አጠገቧ ባለችው ኔዘርተን የታይታኒክ መርከብ ትልቁ መልሕቅ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 በ20 ፈረሶች እየተጎተተ ወጥቷል። እኔን የገረመኝ ግን የክራድሊ ሂዝ ሴቶች ታሪክ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ባለች ደሳሳ ክፍል ውስጥ ልጆቻቸውን አጠገባቸው አድርገው የብረት ሰንሰለት ይቀጠቅጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ለ10 ሳምንት ሥራ አቁመው ደመወዛቸውን አስጨምረዋል። ጡት እያጠቡ ብረት መቀጥቀጥ! እኛ እንኳ አራስን ከጓዳ አናስወጣም።

በርሚንግሃም ሮለር የሚባሉት እርግቦችም የተገኙት በእነዚህ ሠራተኞች ጓሮ ነው። ይህን ያወቅሁት በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። አሥር ዓመቱ ነው። ሕፃኗ ከመጣች ወዲህ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ እሷ ስላዞረ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ ይጠፋል። የት ነው የሚውለው ብል «ጎረቤት ነው፣ ወፍ ያያል» አሉኝ። አማርኛው ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን መጥቶ «እማማ፣ ና! ወፍ!» አለኝ። «ነይ ነው የሚባለው» ብዬ ተከተልኩት።

ጎረቤታቸው ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከብረት ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ልጁ በስማቸው ብቻ ይጠራቸዋል። ይህ ስላልተዋጠልኝ «ጋሼ በላቸው» አልኩት። ትርጉሙን ሲነግራቸው ደስ አላቸውና ከዚያ በኋላ ለመንገደኛው ሁሉ ራሳቸውን «ጋሼ» እያሉ ያስተዋውቁ ጀመር።

ጋሼ የእንጨቱን በር ሲከፍቱ ወደ 20 የሚሆኑ እርግቦች በአንድነት ተነሱ። ተጠጋግተው ከጣሪያው በላይ ይዞራሉ። ድንገት አምስት ስድስቱ እንደ ተመቱ ሁሉ ወደ ኋላ እየተገለበጡ ቁልቁል ወረዱ። አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም፤ የሚሽከረከር የክር ኳስ ነው የሚመስሉት። «ወይኔ ሞቱ!» ብዬ ጮህኩ። ስድስት ሰባት ሜትር ያህል ወርደው ክንፋቸውን ዘረጉና ወደ ጓደኞቻቸው ተመለሱ። በውድድር ጊዜ ዳኛ ቆሞ ለ20 ደቂቃ ያያቸዋል፤ ነጥብ የሚያዘው ቢያንስ አምስቱ አብረው ሲገለበጡ ነው። የሚበሩት ሳይበሉ ነው። ጋሼ ጥሬ ያለበትን ቆርቆሮ ሲያንኳኩ ሁሉም እየተሻሙ ይገባሉ።

እኔ ግን ልቤን የሰጠሁት ለጎጆዎቹ ነበር። እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሁለት ቀን ገደማ ቆይታ። 17 ወይም 18 ቀን ይታቀፋሉ። ይታቀፋሉ ያልኩት ሁለቱም ስለሆኑ ነው፤ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ አባትየው፣ ሌላውን ጊዜና ሌሊቱን እናትየው። ጫጩቱ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ በብጫ ጸጉር ተሸፍኖ ይወጣል። ያኔ ከወላጆቹ ጉሮሮ ሥር ካለው ከረጢት እንደ አይብ ያለ ወተት ይሰጡታል፤ ስብና ፕሮቲን የበዛበት ነው። አባትየውም ወተት አለው! አማቼን ጠርቼ አሳየሁት። ሳቀ፤ ማታ ግን ሕፃኗን ሳይነገረው አነሳ።

ጋሼ መድኃኒት ከማብዛት ደረቅ ቤት ይበልጣል ባይ ናቸው። ወለሉን በየቀኑ ይጠርጋሉ፣ ውሃውን በየቀኑ ይለውጣሉ፣ ብዙ እርግብ አያጭቁም። ለሚያሳድጉት ስንዴ፣ አተር፣ ገብስና በቆሎ ይሰጣሉ፤ የተሰባበረ የባሕር ዛጎልና ጠጠርም በሣህን ያስቀምጣሉ፤ አለዚያ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል። ጫጩቱ ሳምንት ሲሞላው ቁጥር ያለበት ቀለበት እግሩ ላይ ይገባል፤ ከዘገየ እግሩ ወፍሮ አይገባም። በአራት ሳምንቱ ከወላጆቹ ይለያል። በዚያ ቀን ልጁ የእያንዳንዱን አፍ ቀስ አድርጎ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ውሃው የት እንዳለ ያላወቀ ጫጩት በጥም ሊሞት ይችላል። እናቲቱንም አያደክሟትም፤ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈለፍሏትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተጣልተናል። የእርግብ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ለዓመታት የሳቡት አንዳንድ አርቢዎች በሳንባ በሽታ ይያዛሉ። ጋሼ ራሳቸው ሲጠርጉ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ፤ ልጁ ግን ያንኑ ሹራብ ለብሶ መጥቶ ሕፃኗን ይስማል! ከበሩ ውጭ ልብስ እንዲቀይር፣ እጁን እንዲታጠብ፣ በሚጠረግበት ሰዓት እንዳይገባ አዘዝኩ። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ከዚያ ለመደ።

ሐምሌ ላይ የመጣው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ጋሼ በመጋቢት ከተፈለፈሉት አንዷን ቀይማ ጫጩት ሰጥተውት ነበር። ሴት ትሁን ወንድ ገና አልተለየም፤ ልጁ ግን ሴት ናት ብሏል። በአራት ወሯ መገልበጥ ጀመረች፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት አራቴ። ከሁሉም ጠልቃ ስለምትወርድ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ይኮራባት ነበር። አንድ እሑድ ስትገለበጥ ሳታቆም ወርዳ የመኪና ማቆሚያው ጣሪያ ላይ ዱብ አለች። ተረፈች፤ ክንፏ ብቻ ተላጠ።

ጋሼ በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። መገልበጥ በዘር የሚወርድ ነው። ሮለርን ከተራ እርግብ ጋር ብታዳቅሉት ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አይገለበጡም፤ ከልጅ ልጆቹ መካከል ግን የሚገለበጥ ይወጣል። ብዙ አርቢ በጥልቁ ይታለልና ጠልቆ የሚወርደውን ከጠልቆ ወራጅ ያጋባል፤ መሬት የሚመታው ጫጩት የሚበዛው እንዲህ ነው። ስለዚህ ዳግመኛ እንደማትበር፣ ከእሷም ዘር እንደማይወሰድ ነገሩት። ልጁ ጫጩቶቿን ሊያሳድግ ቀን ሲቆጥር ነበር። ቤት ገብቶ አልጋው ላይ ተደፋ። እናቱ «ሌላ ይሰጡሃል» ብትለው ባሰበት። እኔ ምን ልበለው? በሁለት ቋንቋ መካከል ቃል ጠፋኝና ጀርባውን እያሻሸሁ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጋሼ በራችንን አንኳኩ። ሌሊቱን አስበውበታል። እርግብ የሌላውን እንቁላል ታቅፎ ያሳድጋል፤ ሁለት ጥንዶች በአንድ ሰሞን ከጣሉ እንቁላሉን መለዋወጥ ይቻላል። ቀይሟ ስትደርስ ተጋብታ ትጥላለች፤ የእሷን እንቁላል አንስተው የጎበዝ በራሪዎቻቸውን ያስታቅፏታል። ሴት ባትሆንስ አልኳቸው። ወንድም ቢሆን ያው ይታቀፋል፣ ያው ያጠባል አሉኝ። ልጁ ተነስቶ ተቀመጠ። «የኔ አይሆንም ግን የኔ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አዎን አሉት።

መስከረም ላይ ስመለስ ቀይሟ በመሬት ላይ ባለ ሰፊ አጥር ውስጥ ነበረች፤ ልጁም ልብሱን ከበር ውጭ መቀየሩን አልተወም። ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። ሴት መሆኗ ተረጋግጧል። «እማማ፣ ነይ እይ!» እያለ ስልኩን ወደ ጎጆው አዞረው። ሁለት የተለወጡ እንቁላሎች ከሥሯ አሉ፤ አሥራ አራተኛ ቀናቸው ነበር።