አራተኛው «መ»

ንፋስ መውጫን አይቶ የማያውቅ ሰው ስሟን ሲሰማ ብርዷን ይገምታል። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ፣ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። መንገዱ እንጀራዋ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ፣ ነጋዴውና ወታደሩ ያድሩባታል። ከየገጠሩ ለትምህርት የመጡ ልጆችም ቤት ተከራይተው፣ በሳምንት አንድ ቀን ስንቃቸውን ከእናታቸው ቤት እያመላለሱ ይኖሩባታል። በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ ቆጪና ተቆጪ በሌለበት፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያሳድራሉ።

ኤድስም በመንገድ ነበር የመጣው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ ወዲህ፣ በሽታው መጀመሪያ የተስፋፋው በዋና ዋና የንግድ መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች ነው። በ1990ዎቹ እኛ ተማሪዎች ሳለን የፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ማግኘት ያዳግት ነበር። በሬዲዮ «ማለባበስ ይቅር» ይዘፈናል፤ በሰልፍ ላይ ድራማ ይታያል፤ ሦስቱን «መ»ዎች እንደ ፊደል ገበታ በቃላችን እንወጣለን፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ በኮንዶም መጠቀም።

ዕውቀቱ አልጎደለንም። የጎደለን ሌላ ነገር እንደ ነበር የተረዳሁት ከትምህርት መልስ በአጎቴ ሱቅ ስቀመጥ ነው። «ሕይወት ትረስት» የተባለው ኮንዶም ከምላጭና ከባትሪ ድንጋይ ጀርባ ተደርድሮ ነበር። ዋጋው ከሻይ ዋጋ የሚበልጥ አልነበረም። ታዲያ አንድ ጎረምሳ ይገባል፤ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ግድግዳውን እያየ ይቆማል፤ ሱቁ ባዶ ሲሆን ዐይኑ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ይመለሳል።

«ምን ልስጥህ?»

«ማስቲካ።»

ማስቲካውን ይዞ ይወጣል። አጎቴ የልጁን አባት በማኅበር ያውቃቸዋል፤ ልጁም ይህን ያውቃል። በትንሽ ከተማ ሻጭና ገዥ ብቻቸውን አይገናኙም፤ አባት፣ የንስሐ አባትና ጎረቤት በመካከላቸው ቆመዋል። ሴት ልጅ ደግሞ ለዚህ ነገር ወደ ሱቁ ስትመጣ አንድም ቀን አላየሁም። ወንዱን ይሉኝታ ከሱቁ ባዶ እጁን ያስወጣዋል፤ እርሷን ግን ከደጁም አያደርሳት።

አጎቴ ሰባኪ አልነበረም። አንድ ቀን ፓኮዎቹን አንሥቶ ከማስቲካው ጎን አኖራቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ልጅ በጣቱ ብቻ ያመለክታል፤ አጎቴም ቀና ብሎ ፊቱን ሳያይ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ክበባችን በብዙ ድራማ ያላደረገውን እርሱ ዕቃ በማዛወር አደረገው።

ይህ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስለን። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው በገጠር 0.4 በመቶ፣ በከተማ ግን 2.9 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀዬውን ልጅ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ከሰባት እጥፍ ወደሚበልጥ አደጋ ይወስደዋል ማለት ነው።

ደግሞም ሦስቱ «መ»ዎች ያላሰቡት ቀን መጣ። የሕወሓት ኃይሎች ንፋስ መውጫን በያዙበት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ ሴቶች በታጣቂዎች ተደፈሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የ16ቱን ቃል መዝግቧል። መታቀብም መወሰንም መጠቀምም ምርጫ ላለው ሰው የተነገሩ ቃላት ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች ምርጫ አልተሰጣቸውም።

በዚህ ጊዜ የቀረው መከላከያ አንድ ነው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት። ፈጥኖ የጀመረ የተሻለ ይጠበቃል፤ 72 ሰዓት ካለፈ ግን ጥቅም አይሰጥም። የከተማዋ የጤና ተቋማት ግን ተጎድተውና ተዘርፈው ስለ ነበር መድኃኒቱ በሰዓቱ አልተገኘም። ይህ የጦርነቱ ዕዳ ነው። ሆኖም ሆስፒታል ባልተዘረፈበት፣ መድኃኒቱም በመደርደሪያ ላይ ባለበት በሰላሙ ቀንስ? በኪራይ ቤቷ የተደፈረች ተማሪ ለማን ትናገራለች? ለአከራይዋ? ለመምህሯ? እናቷ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው ያለችው። ስታመነታ አንደኛው ቀን ያልፋል፤ ስታለቅስ ሁለተኛው፤ «ምን ይሉኛል» ስትል ሦስተኛው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱ ጥፋቱን በደባቂው ላይ ብቻ ይጥለዋል። ሰው የሚደብቀው የሚሰማውን ሰው ፊት አስቀድሞ ስላየ ነው። ለዚህም ነው አራተኛ «መ» ይጨመር ቢባል «መናገር» የማልለው፤ እርሱ ሸክሙን መልሶ በተጎዳችው ላይ ይጭናል። እኔ «መስማት» እላለሁ፦ ሳይደነግጡ፣ ሳይፈርዱ፣ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ሳይሉ መስማት፤ ሰምቶም ነጠላን አጣፍቶ እስከ ጤና ጣቢያው ደጃፍ አብሮ መሄድ። ይህ «መ» በቃል የሚጠና አይደለም፤ የእናትን፣ የአከራይን፣ የመምህርንና የካህንን ጆሮ ይጠይቃል። ሰዓቱም አጭር ነው።