«ብርድ ነው» ከማለታችን በፊት

 

ዶርም ውስጥ ሳል ሁሉ አንድ ስም አለው፤ «ብርድ»። የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ለተግባር ልምምድ አንድ ጤና ጣቢያ ስንሰነብት በዚህ አንድ ስም ሥር ስንት ዓይነት በሽታ እንደሚመጣ አየሁ። ብዙውን የሚለየው ደግሞ ትልቅ ማሽን ሳይሆን ጥያቄና ትዕግሥት ነው።

አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። «ብርድ መትቶት ነው፣ ሲስተር» አለች። ሲስተሯ ልብሱን ገልጣ፣ ልቅሶው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 56 ሆነ። በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። የሳንባ ምች ተብሎ አሞክሲሲሊን ታዘዘለት። መጥባት ቢያቅተው ኖሮ ወደ ሆስፒታል ይላክ ነበር። ቀጥሎ የገባው የሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእሱ ይበልጥ ይጮኻል፤ ትንፋሹ ግን 32 ነው። ጉንፋን ስለነበር ያለ አንቲባዮቲክ ተሸኘ።

ለአዋቂ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካሉበትማ አንድ ቀንም አይደር። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ብዙ ሆነን በአንድ ክፍል ለምናድር ለእኛ ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌሊትና ንጋት ላይ የሚብስ፣ በአቧራ፣ በከሰልና በዕጣን ጭስ የሚነሳ፣ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያለው፣ መጣ ሄድ የሚል ሳል ከሆነ ደግሞ አስም ይጠረጠራል። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ የአየር ቧንቧውን እብጠት አያክምም። ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልገው ሰው በየቀኑ የሚሳብ መቆጣጠሪያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይገባል።

ልምምዳችን ረመዷንን አግኝቶት ነበር። አንድ ከሰዓት የኛው ዕድሜ ወጣት ጓደኞቹ ደግፈው አስገቡት። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶታል። ፓፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መግሪብን እየጠበቀ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሕክምናው ደረሰለት። ፓፍ ፆም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ያፈርሳል በሚሉት ዘንድም ቢሆን ለታመመ ሰው የቀዷ በር ክፍት ነው። ይህን ኡስታዛችሁን የምትጠይቁት ትንፋሽ ካጠረ በኋላ ሳይሆን ረመዷን ሳይገባ ይሁን። ሐኪማችሁንም አስቀድማችሁ አማክሩ፤ የመቆጣጠሪያውን መድኃኒት ሰዓት በኢፍጧርና በሱሑር ላይ ማድረግ ይቻላል።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የሚያስለውን «ስንት ጊዜ ሆነህ?» በሉት። ሁለት ሳምንት ካለፈው ነገ ጠዋት አብራችሁት ክሊኒክ ሂዱ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።