ከአንድ በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር

እብድ ውሻ ሰፈር ሲገባ የሚነሣውን ጩኸት የሚያውቅ ሰው፣ ስለዚሁ ውሻ የተጻፈ የሒሳብ ቀመር ቢያነብ አስቀድሞ የሚሰማው ቅሬታ ይመስለኛል። የእናት ሩጫ፣ የልጅ ለቅሶ፣ ውኃ እያዩ መሸሽ፣ ይህ ሁሉ በጥቂት ፊደላትና በእኩል ይሆናል ምልክት ሲታሰር ምን ይቀረዋል? ቅሬታው እኔንም ዛሬ ድረስ ፈጽሞ አልለቀቀኝም።

ይሁን እንጂ የቀመሩ አባቶች ከሕመም ርቀው የኖሩ ሰዎች አልነበሩም። ኤደንብራ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ከርማክና አንደርሰን ማክኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ወረርሽኝ ያሳተሙት ጽሑፍ ለዘርፉ እስካሁን መሠረት ነው። ከርማክ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በቤተ ሙከራ በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ዐይኖቹን አጥቷል። ማክኬንድሪክ ደግሞ ሐኪም ነው፤ ቀደም ሲል በሕንድ አገር፣ ካሳውሊ በምትባል ተራራማ ከተማ፣ በውሻ የተነከሱ ሰዎች የሚታከሙበትን የፓስተር ተቋም መርቷል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ከፊደላቱ ጀርባ በር ላይ ተሰልፈው መርፌ የሚጠብቁ ሰዎች ይታዩኛል።

ቀመሩ የሚጠይቀው እጅግ ቀላል ነገር ነው፦ አንድ የታመመ ውሻ ከመሞቱ በፊት በሽታውን ለስንት ሌሎች ውሾች ያወርሳል? ኩፍኝ ክትባት በማያውቅ ሕዝብ መካከል ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ 12፣ አልፎም ወደ 18 ሰዎች ሊሸጋገር እንደሚችል ይነገራል። የእብድ ውሻ በሽታስ? በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ አካባቢ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ «የማን ውሻ ማንን ነከሰ?» ሲሉ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት መልስ ከአንድ በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ካበዱት ውሾች ብዙዎቹ አንድም ሌላ ውሻ ሳያስይዙ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ያገኙትን ሁሉ ይነክሳሉ። በግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን የሚገድለው ይህ ጥንታዊ መቅሠፍት፣ ለካ በእንዲህ ያለ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው!

ክሩ ይህን ያህል ከቀጠነ መበጠሱ ለምን አስቸገረ? ቁጥሩን 1.25 ብንለው፣ በወረቀት ላይ ከአምስት ውሾች አንዱን መከተብ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን 70 በመቶ ይላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜ ነው። የመንደር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከተበው ይሞታል፣ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል። ከመቶ ውሾች 40ው በዓመቱ ውስጥ ሞተው በቡችሎች ቢተኩ፣ በዘመቻው ቀን 70 የነበሩት የተከተቡ ውሾች ወደ 42 ይወርዳሉ። ፖል ኮልማንና ክሪስቶፈር ዳይ እ.ኤ.አ. በ1996 ከቀደሙ ወረርሽኞች መዝገብ ተነሥተው ሲያሰሉ፣ በሽታውን ለመግታት ምንጊዜም ከ39 እስከ 57 በመቶ የሚሆኑት ውሾች የተከተቡ መሆን እንዳለባቸው አገኙ። እንግዲህ 70 ለሚመጣው ዓመት የተቀመጠ ስንቅ ነው።

በእኛ ሰፈር የተሠራው ስሌት ሌላ ነበር። አንድ ሌሊት የተመረዘ ሥጋ በየጥጋጥጉ ተጣለ። የጣሉትን ጨካኞች ናቸው ብዬ አልፈርድም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ልጅ ተነክሶ ሰፈሩ ሁሉ ተሸብሮ ነበር። ሲነጋ ከወደቁት መካከል የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ውሻ፣ መቻል፣ ተገኘ። ባልቴቷ መቻልን በዚያው ዓመት አስከትበውት ነበር፤ ወረቀቱን በዳዊታቸው ገጾች መካከል አኑረውታል። አውጥተው አሳዩኝ። «ይኸው ልጄ፣ መቻልም ይህን አልቻለውም» አሉኝ።

ስለ መቻል ቀመሩ ምን ይል ይሆን ብዬ አሰብሁ። መቶ ውሾች አሉ እንበል፤ 70ዎቹ ተከትበዋል። መርዝ ወረቀት አይጠይቅምና ግማሾቹን ሲፈጅ ከተከተቡት 35፣ ካልተከተቡት 15 ይተርፋሉ። ነገር ግን ቆሻሻው፣ አጥንቱ፣ ትራፊው እንዳለ ነው። ቡችሎች ይወለዳሉ፤ ከሌላ ሰፈርም ይመጣሉ። ሰፈሩ እንደገና መቶ ውሻ ሲሞላ ሃምሳዎቹ አዲስ ገቢዎች አንዳቸውም አልተከተቡም። ሰባ የነበረው ጋሻ ሠላሳ አምስት ሆነ። ውሾቹ ሲሳሱ በሽታውም ይሳሳል እንዳንል ደግሞ፣ የሴሬንጌቲው ጥናት ያቺ ቁጥር በውሾች ብዛት እምብዛም እንደማትለወጥ አሳይቷል፤ ያበደ ውሻ ሮጦ ያገኛቸዋል።

ነገሩ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በኢንዶኔዥያ የፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው በገባ ጊዜ፣ በቀጣዩ ዓመት የደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ተገደሉ። በሽታው ግን ከደሴቲቱ አልወጣም።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው። ቀመሩ ውሻ አይወድም፤ ስለ ባልቴቷ ኀዘንም ምንም አያውቅ። ሆኖም ግራ ቀኙን አስልቶ ከእርሳቸው ጋር ቆመ።

በአገራችን ከሁሉ በላይ ቀልቤን የሚስበው ስሌት ግን የተሠራው ስለ ባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ከውሾች ተሻግሮ በወብ ሸለቆ ገባና ብዙዎቹን ጨረሰ። ዳንኤል ሃይደንና ባልደረቦቹ በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ሞዴል ጥያቄውን ለወጡት፦ ሞትን ሁሉ ማስቀረት ባይቻልስ፣ ዘር የሚያጠፋውን ታላቁን እልቂት ብቻ ለማስቀረት ስንቱን መከተብ ይበቃል? ሸለቆ ከሸለቆ በሚያገናኙት ጠባብ መሸጋገሪያዎች የሚኖሩትን ጥቂት ቀበሮዎች ቢከትቡ፣ እሳቱ ወደ ቀጣዩ ሸለቆ የመዝለል ዕድሉ እጅጉን ይቀንሳል። በ2018 ደግሞ ጥቂት ሰዎች በፈረስ ሆነው በባሌ ደጋ፣ በሌሊት፣ ቀበሮዎቹ በሚኖሩበት ሥፍራ የፍየል ሥጋ እየጣሉ አለፉ፤ በሥጋው ውስጥ ክትባት ነበር።